የሰማንያ ቀን ክርስትና

እኔ ስለ ራሴ ከማወቄ በፊት ቤተሰቤ ያውቅ ነበር። ይህን የምለው በምስጋና አይደለም፤ ዛሬም ያናድደኛል። ሰው ስለ ገዛ ልቡ ከሁሉ ቀድሞ ራሱ ቢያውቅ ምናለበት? እኔ ግን ገና ምን እንደሆንኩ ሳይገባኝ እናቴ አልቅሳበት፣ እህቴ ስቃበት፣ አባቴም ተቆጥቶበት ጨርሰዋል።

ምክንያቱንም አግኝተውለታል። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደሚነሱ ማንም ያውቃል። እኔ ወንድ ሆኜ ሳለሁ የተነሳሁት በሰማንያ ቀኔ ነው። ክርስትና ያነሳችኝም ሴት ናት። ለአባቴ ይህ በቂ ነበር፤ ሌላ ነገር አልመረመረም።

የሆነው እንዲህ ነው። የተወለድኩት ጂንካ ውስጥ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው ነው። አያቶቼ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰዎች ናቸው፤ ቤታችንም ጾምና ማኅበር የማይታለፍበት ቤት ነበር። አርባ ቀኔ የዋለው መንግሥት በሌለበት ሳምንት ነው። አባቴ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ጠመንጃ አንግቶ ይዞር ስለነበር፣ አዲሶቹ ሳይደርሱ ሸሽቶ ከከተማው ውጭ አንድ የአሪ ገበሬ ጓሮ፣ እንሰት ውስጥ ተደብቋል። ክርስትና ሊያነሳኝ ቃል የገባው ጓደኛው ወደ ኬንያ ድንበር ጠፍቷል። ቄሱ ነገሩ እስኪበርድ ከቤታቸው አይወጡም። እናቴ አራስ ናት፣ ብቻዋን ናት፣ የምታድረውም በሩን በአልጋ ደግፋ ነው።

አገር ሲረጋጋ ጎረቤታችን ከኔ ጋር በአንድ ቀን የተወለደች የሴት ልጇን ክርስትና ደገሰች። እናቴም በዚያው ተጠግታ እኔን ይዛ ሄደች። ለልጅቷ የክርስትና እናት የሆነችው ገበያው አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ነበረች። ቄሱ «ወንዱንስ ማን ያነሳዋል?» ብለው ሲጠይቁ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ሴትዮዋ ልጅቷን ለእናቷ መልሳ ክንዷን ዘረጋች። «እኔ አነሳዋለሁ፤ ሳይጠመቅ ቢሞት ማን ሊጠየቅበት ነው?» አለች። ክርስቲያን የሆንኩት በዚህ ዓይነት ነው።

አባቴ ከተደበቀበት ወጥቶ ሲመጣ ልጁ ተጠምቆ ጠበቀው። ደስ አለው። ለሴትዮዋም ሙክት ላከላት። እሷም በዓል በመጣ ቁጥር ቤታችን እየመጣች «ልጄ» ትለኛለች፣ እኔም «እትዬ» እላታለሁ። ስለዚያ ክርስትና ለብዙ ዓመት አንድም ክፉ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

አባቴ ከለውጡ በኋላ ወፍጮ ቤት ከፈተ። ቀኑን ሙሉ በሞተር ጩኸት መሃል ስለሚውል ቤት ገብቶም ይጮሃል፤ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ዱቄት ነው። ምን እንዳየብኝ ዛሬም በትክክል አላውቅም። ድምፄ ይሁን፣ እጄ ይሁን፣ ሳቄ ይሁን፣ ብቻ የሆነ ነገር ዓይኑ ገብቷል። ቅዳሜ ገበያ የሚወጡትን የበና ብሔረሰብ ጎረምሶች ቆሜ ማየት እወድ ነበር። አንገታቸው ላይ ጨሌ፣ ክንዳቸው ላይ አምባር፣ ጸጉራቸው ላይ ላባ አድርገው፣ ማንም ምንም ሳይላቸው ገበያውን አቋርጠው ያልፋሉ። ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ እናቴን ነዝንዤ ጨሌ አስገዛኋትና አንገቴ ላይ አሰርኩ። አባቴ እንዳየኝ በጥሶ ወፍጮ ቤቱ ወለል ላይ በተነው፤ ከዚያ በጉልበቴ አንበርክኮ አስለቀመኝ። «እነሱስ ያደርጉ የለም እንዴ?» አልኩት እያለቀስኩ። «እነሱ ወንዶች ናቸው» አለኝ። ማሽላ ሊያስፈጩ የመጡት ሰዎች በሙሉ ሳቁ።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደግሞ ትምህርት ነበረኝ። አባቴ በረንዳው ላይ ይቀመጥና «ከበሩ ጀምረህ ና» ይለኛል። ከግቢው በር እስከ በረንዳው እራመዳለሁ። «ወገብህን ተው። ደግመህ ና።» ደግሜ እመጣለሁ። «እጅህን ምን ሆነህ ነው የምታንጠለጥለው? ደግመህ ና።» በአራት ዓመት የምታንሰኝ እህቴ አጠገቡ ቁጭ ብላ ትዳኘኛለች፤ አንዳንዴም ከሱ ቀድማ «አሁን ትንሽ ተሻለ» ትላለች። እናቴ ከወጥ ቤት አትወጣም። ለምን እንደምራመድ የነገረኝ ሰው ስለሌለ እግሬን የሆነ በሽታ የያዘኝ ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን እናቴን ሐኪም ቤት ውሰጂኝ ብያታለሁ። ፊቷን አዙራ ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች።

አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነኝ ነገሩ ለይቶለት ወጣ። ያን ጊዜ የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሃል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነበር። አውሮፕላን አልፎ አልፎ ያርፍበታል፤ በቀረው ጊዜ ከብት ይግጥበታል፣ ተማሪ ያቋርጠዋል። እኔና አንድ የክፍሌ ልጅ ከትምህርት ቤት ስንመለስ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር የምናቋርጠው። በዚህ የሚገረም ሰው የለም። በእኛ አገር ሁለት ወንድ ጓደኛሞች እጅ ሳይያያዙ ከሄዱ ተጣልተዋል ማለት ነው። አባቴ ራሱ ከልኳንዳ ቤት ባለቤት ጓደኛው ጋር ትንንሽ ጣታቸውን አቆላልፈው ነው መንገድ ለመንገድ የሚሄዱት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሜዳው መሃል ስንደርስ አባቴ ከፊት ለፊታችን ብቅ አለ። እኔ ደንግጬ እጄን መንጭቄ አስለቀቅኩ።

በዚህ ተያዝኩ። እንደተያያዝን ብናልፈው ኖሮ «ደህና ዋላችሁ?» ብሎን መንገዱን ይቀጥል ነበር። ያየው መያያዛችንን አይደለም፤ መላቀቃችንን ነው። ልጁ ምን እንደሆነ ስላልገባው እጁን እንደዘረጋ ቆሟል። አባቴ እሱን አየ፣ እጄን አየ፣ ፊቴን አየና አለፈ። እኔም ስለ ራሴ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ከአባቴ ፊት ላይ አነበብኩት።

የዚያን ዕለት ማታ ራት ቀርበን ስንበላ አባቴ እናቴን «ይሄን ልጅ በስንት ቀኑ ነው ክርስትና ያስነሳሽው?» አላት። የሚያውቀውን ነው የሚጠይቃት። «በሰማንያ» አለችው። «ማን አነሳው?» ነገረችው። የጎረሰውን ውጦ ሳህኑን ወደ እሷ ገፋ። «በይ እንግዲህ፣ የሥራሽን ፍሬ ተመልከቺ» አላት። እህቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቴን ታያለች።

የሚያቃጥለኝ መወንጀሉ አይደለም፣ ማመኗ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥፋተኛ ሆና ኖረች። ስግደት ጨመረች፤ የማትጾመው ጾም አልቀረም። ወጥ ጨው ቢበዛበት፣ ሞተር ቢበላሽ፣ ገበያ ቢጠፋ፣ አባቴ «ሰማንያ!» ይላታል። ሌላ ስድብ አያስፈልገውም። ሁለት ጊዜ ያህል እጁን አንስቶባታል፤ በሁለቱም ጊዜ «ይገባኛል» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የክርስትና እናቴንም አስጠራት። ሴትዮዋ በዓል መስሏት ነጭ ለብሳ መጣች። «ወንድ ልጄን ሴት አደረግሽብኝ» አላት፤ ገና ሳትቀመጥ። ሴትዮዋ «አርባ ቀኑ ላይ አንተ የት ነበርክ?» አለችው። በቤታችን ይህን ጥያቄ የጠየቀ ሰው አልነበረም። የት እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን፤ ልጁ መጠመቅ ሲገባው አባትየው እንሰት ሥር ተጋድሟል። አባቴ ተነስቶ በሩን ከፈተላት። ሙክት የላከላትን ሴት ደጄን እንዳትረግጪ ብሎ አባረራት፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ላይም ሰላም ብሏት አያውቅም።

በሽታውን ካወቀ መድኃኒቱን መፈለግ ነበረበት። ወደ ቄሱ ሄዶ ልጄን እንደገና አጥምቁልኝ አላቸው። ቄሱ ጥምቀት አንዲት ናት፣ አትደገምም አሉት። ለምን እንደፈለገው ሲጠይቁት አፍሮ ሳይናገር ተመለሰ። ግን አባቴ ነገር ሲይዝ አይለቅም። ሃይማኖቱን ለውጦ የተመለሰ ሰው ቄደር የሚባል የንስሐ ጥምቀት እንደሚጠመቅ ከአንድ ደብተራ ሰማ። እንግዲህ እኔ እንድጠመቅ መጀመሪያ መካድ ነበረብኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ልጄ ጴንጤ ሆኖ ነበር ብሎ ዋሽቶ ይገላገላል። አባቴ ግን ቄስ ፊት አይዋሽም፤ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው ነው። ስለዚህ ነገሩ እውነት መሆን ነበረበት። ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ከወላይታ የመጣ አናጺ ነበር። ዓርብ ዓርብ መዝሙር ሲዘምር አባቴ ግድግዳውን በዱላ ይደበድብበታል። ያን ሰው ጠራውና «ይሄን ልጅ እሑድ ይዘኸው ሂድ» አለው። አናጺው ቀልድ መሰለው። ሲገባው ደግሞ ዓይኑ እንባ ሞላ። «ጋሼ፣ ጌታ ይባርክዎት! እኔ እኮ ለዚህ ቤት ስጸልይ ነው የኖርኩት» አለ።

አባቴ በዚያው ሳምንት ለዕድሩ ሰዎች ልጄ ጴንጤ ሆነብኝ ብሎ ነገረ። ሰው ሊያጽናናው ጎረፈ። በረንዳው ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ሐዘንተኛ ሲሆን እኔ ጓዳ ሆኜ አየዋለሁ። አንዱ ሽማግሌ «አይዞህ፣ ከዚህ የባሰም አለ» ሲለው አባቴ ቀና ብሎ «አዎ፣ አለ» አለ። ያን ቃል የነገረው ለሽማግሌው አልነበረም። ከሃዲ ስለሆንኩም ሳህኔና ብርጭቆዬ ተለየ። ሌሎቹ ማዕድ ሲቀርቡ እኔ ደጃፍ ላይ ብቻዬን እበላለሁ፤ ራሱ ልኮኝ ሲያበቃ ራሱ ያረክሰኛል። እናቴ ምግቤን ስታቀርብልኝ እጄን እንዳትነካ ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ትሄድ ነበር።

ጸሎት ቤቱን ግን መጀመሪያ ወደድኩት። መዋሸት አልችልም። ተቀበሉኝ፣ አቀፉኝ፣ መዘምራን ውስጥ አስገቡኝ፤ አረማመዴን የሚቆጣጠር ሰው አልነበረም። የሰሜን ሰው ልጅ ጌታን ተቀበለ ተብሎ ከመድረክ ተነገረልኝ። ክረምቱ አልፎ ጥቂት እንደቆየ ግን የጸሎት መሪው አንድ እሑድ ስዘምር አተኩሮ አየኝ። ያን እይታ አውቀዋለሁ፤ የአባቴ ነው። ከጸሎቱ በኋላ መሃል አስገቡኝና «በዚህ ልጅ ላይ የሴት መንፈስ አለ» አለ። ከበቡኝ። ግንባሬን ይዞ «ውጣ!» እያለ ይጮሃል፤ እኔ የምወጣበት አጣሁ፣ በሩ በሰው ተዘግቷል። ክንዴን ጠምዝዞ የያዘኝ አናጺው ነበር፤ «መንፈሱን ልቀቀው ወንድሜ፣ ልቀቀው» እያለኝ ያለቅሳል። እስክወድቅ ድረስ ገፉኝ። የወደቅኩት ስለደከመኝ ነው፤ እነሱ ግን አጨበጨቡ።

እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ሃይማኖት አንድ ነገር አየብኝ። በሌላው ነገር ሁሉ የሚጣሉ ሰዎች በእኔ ላይ ተስማሙ።

ከፋሲካ በኋላ ተመለሰ ተባልኩና ቄደር ተደገመልኝ። አባቴ የክርስትና እናቴን እጅ የሚሽርልኝ ወንድ ፈልጎ ያን የልኳንዳ ቤት ጓደኛውን አመጣ። ቄሱ ለዚህ ጥምቀት አንሺ አያስፈልግም ቢሉትም ሰውዬው እኔ ውኃ ውስጥ ስቆም ከኋላዬ ቆሞ ትከሻዬን ጨምቆ ያዘ። ሲያሳዝን፣ ሰውዬው ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ውኃው ቀዝቃዛ ነበር፤ አባቴ ፊት ላይ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ተስፋ አየሁ። እናቴ መሬት ላይ ተደፍታለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ጸለይኩ፤ ለውጠኝ አልኩት፤ ከልቤ ነው ያልኩት።

ቤት እንደደረስን አባቴ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር በረንዳው ላይ ተቀመጠ። «ከበሩ ጀምረህ ና» አለኝ። እናቴ ያን ቀን ከወጥ ቤት ወጥታ ቆመች። ተራመድኩ። ጸጉሬ ገና አልደረቀም። በረንዳው ጋ ደረስኩ። እህቴ «እንደ ድሮው ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለማሳጠር፣ ትምህርቴን ጨርሼ ከጂንካ ወጣሁ። ዛሬ ሐዋሳ መነጽር ቤት ውስጥ እሠራለሁ። የምወደው ሰው አለኝ። ስለሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ በዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር እስር ቤት ያስገባል፣ ጎረቤት ከሰማ ደግሞ እስር ቤት እስኪደርስም አይጠበቅም። አባቴ ወፍጮውን ሸጧል፤ ግማሽ ጎኑን መትቶት ቀኝ እጁ አይታዘዘውም። በስልክ የማወራው ከእናቴ ጋር ብቻ ነው። በስልክም ቢሆን ስለ ጤናዋ ስጠይቃት «እኔ ምን መብት አለኝ፣ አንተን ያበላሸሁ» ትለኛለች። ይህን ከአፏ በሰማሁ ቁጥር ስልኩን ግድግዳ ላይ ብፈጠፍጠው ደስ ይለኛል።

በቅርቡ እህቴ ወንድ ልጅ ወለደች። ደውላ «ለክርስትናው ና፤ ልጄን አቅፈህ ሳመው» አለችኝ። ደስ አለኝ። ግን የሄድኩት ለልጁ ብቻ አልነበረም። እናቴ እያረጀች ነው፤ ያልሠራችውን ኃጢአት ተሸክማ እንድትሞት አልፈለግኩም። አፍ አውጥቼ ልነግራትና ጥፋቱን ከጫንቃዋ ላወርድላት ቆርጬ ነው ጂንካ የገባሁት።

የክርስትናው ዋዜማ እናቴ ጓሮ ተቀምጣ ለድግሱ ምስር ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። በቋንቋችን ለዚህ ነገር ስድብ ያልሆነ ቃል ስለማላውቅ «እማዬ፣ እኔ ሴት አላገባም። የምወደው ወንድ ነው» አልኳት።

እጇ አልቆመም። «አውቃለሁ» አለችኝ። «ጡቴን ከምትጠባበት ጊዜ ጀምሮ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ክርስትናው ምንም አላደረገኝም። በአርባ ቀኔም ብነሳ ይሄው ነኝ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።»

«ተው ልጄ» አለች። «እግዜር እንዲህ አድርጎ አይፈጥርም። እኔ ነኝ።»

«በሰማንያ ቀናቸው የተጠመቁ ወንዶች ስንት አሉ! ገጠር ውስጥ በዓመቱ የሚጠመቅ የለም? ሁሉም እንደኔ ሆኑ?»

«እነሱን ሴት አላነሳቻቸውም» አለችና ጠጠር አገኘች፤ ወረወረችው። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ እጇን ያዝኳት። አንድ ሺህ ጊዜ ብናገር ያው ነው። አባቴ ያስገባባትን ነገር እኔ ላወጣላት አልቻልኩም። በመጨረሻ «አትድከም፤ እኔ ለምጄዋለሁ» አለችኝ። ከሐዋሳ ድረስ የመጣሁበትን ጉዳይ ሳልፈጽም ተነሳሁ።

በማግስቱ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ደረስን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ እህቴ ልጁን ይዛ፣ ባሏና እኔ። እንግዶቹ የሚመጡት ቤት ለድግሱ ነው። አባቴ ቀኑን ራሱ ነበር የቆጠረው፤ አርባ ሞልቷል፣ አንድ ቀን አልጎደለም፣ አላለፈም። ክርስትና የሚያነሳው የእህቴ ባል ጓደኛ ከወንዙ ማዶ፣ ወይጦ የሚሠራ ሰው ነው፤ ሌሊት ተነስቶ ይመጣል ተብሎ ነበር። ኪዳን ካለቀ በኋላ ደወለ። ወይጦ ጋ ጎርፍ ወርዶ መኪና ሁሉ ቆሟል፣ ውኃው እስኪጎድል የሚያልፍ የለም አለ።

ቄሱ በቅርብ የመጡ ወጣት ናቸው፣ ስለ እኛ ቤት የሚያውቁት ነገር የለም። «ሌላ ቀን እናድርገው?» ሲሉ አባቴ «አይሆንም! ዛሬ አርባው ነው» አላቸው። ቄሱ ዞር ዞር ብለው አዩና እኔን ጠቆሙ። «ይሄ ማን ነው?»

«የእናትየው ወንድም ነኝ፣ አባ» አልኳቸው።

«በቃ፣ አጎቱ ያንሳው። ምን ችግር አለ?»

አንድ እርምጃ ሄጄ ክንዴን ዘረጋሁ። እህቴ ልጁን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገችው። ና፣ አቅፈህ ሳመው ያለችኝ እህቴ ናት። አላየችኝም፤ መሬት መሬት ነው የምታየው።

«ወንድ የለም» አለ አባቴ።

ቄሱ አልገባቸውም። እኔን አዩ፣ እሱን አዩ። «እንዴ፣ ይኸው አይደለም እንዴ?»

«ወንድ የለም አልኩዎት፣ አባ።»

ክንዴን እንደዘረጋሁ ነኝ። አጠገቡ ነው የቆምኩት፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። አባቴ በደህናው እጁ ወደ ቅጥሩ ጥግ ጠቆመ። እዚያ ግንቡን ተደግፋ አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች። በየማለዳው የምትመጣዋ የክርስትና እናቴ ናት። ካባረራት ወዲህ ያን ሁሉ ዘመን ስሟን አንስቶ አያውቅም። «እሷ ታንሳው» አለ።

እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ ገለጠች። «በሴት እጅ?» አለችው።

«ታዲያ ምን አለበት?» አላት አባቴ።

እንዲሁ እንደዋዛ ነው ያላት። ልጄን አበላሽቶብኛል ያለውን፣ ያስለቀሳትን፣ የመታትን፣ ሰማንያ እያለ ያዋረዳትን ነገር፣ ታዲያ ምን አለበት አለ። ከኔ ክንድ ይልቅ ያችኑ ሴት መረጠ። አሮጊቷ እየተንገዳገደች መጣች፣ ፊቴን አየች፤ እኔም ክንዴን አጠፍኩ። «ልጄ» አለችኝ ቀስ ብላ፤ ከዚያ ሕፃኑን ተቀበለች። ቄሱ ግራ ቢጋቡም ጸሎቱን ጀመሩ። አለቀስኩ፤ ጠበሉ ሲረጭ ስለነበር የለየኝ ሰው አልነበረም። እናቴ ጸሎቱ እስኪያልቅ ዓይኗን ከአባቴ ላይ አላነሳችም።

ድግሱን አልጠበቅኩም። ቦርሳዬን ይዤ ስወጣ እናቴ እስከ ግቢው በር ሸኘችኝ። ባጃጅ ቆሞ ይጠብቀኛል። እንግዶች እየገቡ ስለሆነ ለሁሉም «ግቡ፣ ግቡ» ትላለች። ቀና ብላ ነው የምትራመደው፤ እንዲህ ስትራመድ አይቻት አላውቅም። ስንሰነባበት እጄን ይዛ «ለካ የኔ ጥፋት አልነበረም» አለችኝ።

«አልነበረም እማዬ» አልኳት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የመጣሁበት ይህ ነበር።

ፊቴን አየችው። በቁጣ አይደለም፤ የሌላ ሰው ዕቃ ቤቷ ተረስቶ ኖሮ የምትመልስ ትመስል ነበር።

«የኔ ካልሆነማ» አለች፣ «ያንተ ነዋ።»

እጄን ለቀቀችና እንግዶቿን ልታስተናግድ ገባች።